ጉም ስዘግን

ዛሬ ከአልጋ የመውረድ ፍላጎት አልነበረኝም። በመስኮት ሳይ ጦሳ የለም። ተራራው እንዳለ ተውጧል። የእትዬ ዘ. ቆርቆሮ እንኳ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። የደሴ ሰማይ ሲያኮርፍ ሰውንም አብሮ ያስኮርፋል። እንዲህ ሲደብረኝ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ። ምንም።

ሐሙስ ያጠብኩት ጋቢ ዛሬም ገመዱ ላይ ነው። ጥለቱን ጨበጥ ባደርገው እጄ ረጠበ። እትዬ ዘ. ከደጃቸው ሆነው «አብሽሪ ልጄ፣ ጀምበር ስትወጣ ይደርቃል» አሉኝ። መቼ እንደምትወጣ ግን አልነገሩኝም።

እዚያው ገመዱ ሥር እንደቆምኩ «ይደርቃል» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። ሲደርቅ ውሃው የት ነው የሚሄደው? አየር ላይ፣ እሺ። አየሩ ግን ዛሬ ጠግቧል። ጉም ማለት የሚችለውን ያህል ውሃ ተሸክሞ የተረፈው በጠብታ የቀረበት አየር ነው። ሠርግ ቤት ሁለተኛ ዙር አንስቶ «ኧረ በቃኝ» እንደሚል ሰው። የእኔን ጋቢ በየት በኩል ያስተናግድ?

ከዚያ ሐሳቡ ይዞኝ ሄደ። የተነነ ውሃ አየር ላይ የሚቆየው በአማካይ ዘጠኝ ቀን ገደማ ነው። ከዚያ የሆነ ቦታ ይወርዳል። ስለዚህ ይሄ ጉም ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ ቦታ ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው። የበልጉን እርጥበት ወደ እኛ የሚነዳው ከህንድ ውቅያኖስ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ነው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ባሕሩ ግን ይኸው መጥቶ ጋቢዬ ላይ ተቀምጧል።

ለምን እኛ ጋ ይወርዳል? ተራራው ነዋ። ቆላውን አቋርጦ የመጣ አየር ገደሉ ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ያራግፋል። ተራራውን ደግሞ የሠራው እሳት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ነው እየተደራረበ ይህን ደጋ ያቆመው። ጋቢውን ያሸሁበት ጥቁር ድንጋይ የዚያ ትራፊ ነው። (ተረከዜንም የምፈትገው በእሱ ነው። ይቅር ይበለኝ።) ዝናቡ ሲወርድ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርድና ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላዋል። የተበላው ድንጋይ አፈር ይሆናል። አፈሩ ላይ ጤፍ ይበቅላል፤ ጤፉም ከዚያው አየር ካርቦኑን ወስዶ እኛ የምንተነፍሰውን ኦክስጅን ይመልሳል። እሳት፣ ባሕር፣ ነፋስና ድንጋይ ይህን ሁሉ ዘመን ተጋግዘው አንድ እንጀራ ያቀርቡልኛል። እኔ ደግሞ «ኮምጠጥ ብሏል» ብዬ ገፋ አደርገዋለሁ።

የሚወርደው ሁሉ ዕጣው አንድ አለመሆኑ ነው የሚገርመኝ። ከደሴ ወደ ኩታበር በኩል ከፍታው ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች እዚያው ሊለያዩ ይችላሉ። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ዕድል ከቀናው ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ወደ እኛ የወረደው በቦርከና ሄዶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ እንደ እኔው ባሕር አያውቅም። አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ይገባና እዚያው በፀሐይ ያልቃል። የጋቢዬ እጣቢም መንገዱ ያው ነው። ሐሙስ ደጅ ስደፋው ይሄን መቼ አሰብኩ? በሳሙናው ማፈሬ ዛሬ ነው።

አያቴ ይሄን ሁሉ አታውቅም ነበር። ወይ በሌላ መንገድ ታውቀው ነበር። ስለ ሰባ ሰባት ስታወራ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከጠዋቱ ነው። ደጅ ትወጣለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ ትጋርዳለች፣ በምሥራቅ በኩል ታያለች። «ደመናው ይመጣል፣ ያየናል፣ ያልፋል።» ይህችን ስትል ዛሬም ድረስ ድምጿ ይሰማኛል፤ «ያየናል» ላይ ቆም ትላለች። መንደሩ በዱአም በእግዚኦታም ለመነ። ክርስቲያኑ «ኃጢአታችን ነው» ሲል ሙስሊሙ «ወንጀላችን ነው» አለ። እሷም እስክትሞት ድረስ የሆነ ነገር በድለን ነው ብላ ታምን ነበር።

በ2007 ክረምቱ ሲከዳን ነው ስለ ኤልኒኖ የሰማሁት። ፓስፊክ ውቅያኖስ ከወገቡ አካባቢ ከልክ በላይ ሲሞቅ የነፋሱ አካሄድ ይዛባና እዚህ ወሎ ክረምቱ ይሳሳል። እኛ ጋ ገበሬ ሞፈሩን ይዞ ሰማይ የሚያየው እዚያ ማዶ ውሃ ስለሞቀ ነው! በእርግጥ ሰባ ሰባትን ያን ያህል ያከፋው ሰማዩ ብቻ አይደለም። ጦርነቱም ነበር፣ የሰውም እጅ ነበረበት። ዝናቡን በተመለከተ ግን አያቴ ምንም አልበደለችም።

ያኔ ብነግራት ኖሮ ይቀላት ነበር? እርግጠኛ አይደለሁም። ኃጢአት ከሆነ ንስሐ አለው፤ ወንጀልም ተውባ አለው። ባሕር ሞቆ ከሆነስ? ባሕርን ምን ብለው ይለምኑታል?

እትዬ ዘ.ን ልጠይቃቸው አስቤ በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር። «ምነው ልጄ?» ሲሉኝ ጠፋብኝ። ከህንድ ውቅያኖስ ልጀምር ወይስ ከአያቴ? በመጨረሻ «ስኳር ይኖርዎታል?» አልኳቸው። ቤቴ ሁለት ኪሎ ስኳር አለ።