ሁለቱ ሩኒዎች

ቅዳሜ ማታ ኳስ ቤት ውስጥ "የሩኒ ሕግ" ብዬ ገና አፌን ስከፍት ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ ሳቀብኝ። "ዌይን ሩኒ ደግሞ ሕግ ማውጣት ጀመረ?" አልፈርድበትም። በእኛ ሰፈር ሩኒ ከተባለ ማንቸስተር ነው። እኔ ያነሳሁት ግን ሌላውን ሩኒ ነበር፤ ዳን ሩኒን። የፒትስበርግ ስቲለርስ ባለቤት የነበረ፣ አሜሪካኖች በእጃቸው ይዘው በሚሮጡበት ፉትቦል ትልቅ ስም ያለው ሰው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ማስረዳት ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው።

ነገሩን ያመጣው ካሜራው ነው። አንድ ተጫዋች ተጎድቶ ጨዋታው ሲቆም ካሜራው ወደ ወንበሩ ዞረ። ሜዳ ላይ ካሉት ግማሽ ያህሉ ጥቁር ናቸው። ዋና አሰልጣኙ ነጭ፣ ረዳቱ ነጭ፣ ታብሌት ይዞ የሚያንሾካሹከው ነጭ። ካሜራው ወደ ላይ ሲወጣ ኮቱን ለብሶ የተቀመጠው የክለቡ ሹምም ያው ነው። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ጋሽ ሙሉጌታ ዞር አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ብቃት ካላቸው ይቀጠራሉ። ክለብ ማሸነፍ ይጠላል እንዴ?"

ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ሙሉጌታን አከብራቸዋለሁ፤ ኳስ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። ቅጥርን ግን እኔ አውቃለሁ። እንጀራዬ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ቅጥር በብቃት ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ምን ያህል በቀለለኝ!

ቦታ ክፍት ሲሆን ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት አለቃው ልብ ውስጥ አንድ ሰው አለ። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ስለሚቸኩልና ስለሚፈራ ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? የሚያውቀው ደግሞ ማን ነው? አብሮት የተማረ፣ አብሮት የሠራ፣ አብሮት የሚበላ። ዘረኛ ሳይሆን እንኳ ዞሮ ዞሮ የሚቀጥረው የራሱን ዓይነት ሰው ነው። ዘረኛ ከሆነማ ነገሩ አለቀ።

የአሜሪካው የሩኒ ሕግ ሊይዝ የፈለገው ይህችን ሰዓት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ያለዚያ እኔም እናንተም እንምታታለን።) በ2002 መጀመሪያ ላይ ሁለት ጥቁር የፉትቦል አሰልጣኞች ተከታትለው ተባረሩ። ቶኒ ደንጂ ቡድኑን እያሸነፈ ተባረረ። ዴኒስ ግሪን የተባረረው ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሽንፈቱ ቁጥር ከድሉ ሲበልጥ ነው። የኦጄ ሲምፕሰን ጠበቃ የነበረው ጆኒ ኮክራን ከሌላ ጠበቃ ጋር ሆኖ ጥናት አወጣና የፉትቦሉን ሊግ እንከሳለን አለ። በ2003 ሕጉ መጣ። ዋና አሰልጣኝ የሚፈልግ ቡድን ከመቅጠሩ በፊት ቢያንስ አንድ ጥቁር ወይም ከሌላ አናሳ ወገን የሆነ ዕጩ ጠርቶ ቃለ መጠይቅ ያድርግ። በቃ። ቅጠር አይልም፤ ጠርተህ አናግር ነው የሚለው። ጉዳዩን የያዘውን የሊጉን ኮሚቴ ይመራ የነበረው ዳን ሩኒ ስለሆነ ሕጉ በስሙ ተጠራ።

በዚያው ዓመት ዲትሮይት ላይ የሆነው ነገር ለእኔ ከሕጉ በላይ ይናገራል። ዲትሮይት ላየንስ ማንን እንደሚቀጥር አገር ያውቃል። የተጋበዙት ጥቁር አሰልጣኞች "ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ለምን እንደክማለን" ብለው ቀሩ። ቡድኑ ያሰበውን ቀጠረ፤ ፕሬዚዳንቱ ማት ሚለን 200,000 ዶላር ተቀጣ።

እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አሜሪካኖቹን ማለቴ አይደለም፤ ለይስሙላ የተጠሩትን ነው። ድሮ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ቃለ መጠይቅ ከምናደርግላቸው መካከል አንዱ ሰውዬ አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ሱፉ በደንብ ተተኩሷል። ዶክመንቱን በላስቲክ ፋይል ደርድሮ፣ የእያንዳንዱን ኮፒ ለሦስታችንም አዘጋጅቶ መጥቷል። ለጥያቄዎቻችን ከሁሉም በተሻለ መለሰ። የምንቀጥረው ሰው የሥራ ደብዳቤ ግን በማግስቱ እንዲወጣ ታይፕ ላይ ነበር። ሰብሳቢያችን ሰዓቱን እያየ "እናመሰግናለን፣ እንደውልልዎታለን" አለው። ሰውየው ፋይሉን ሰብስቦ እጃችንን በየተራ ጨብጦ ወጣ። ያወቀ ይመስለኛል።

በ2022 ደግሞ ብሪያን ፍሎሬስ መጣ። የማያሚን ቡድን ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ከተሸነፈው በላይ እንዲያሸንፍ አድርጎ የተባረረ ጥቁር አሰልጣኝ ነው። ኒውዮርክ ጃያንትስ ለቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ያዙለት። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ታዋቂው አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክ በስልክ መልእክት እንኳን ደስ ያለህ አለው። ፍሎሬስ ግራ ገባው። "ለየትኛው ብሪያን ነው የላክኸው?" ብሎ ጠየቀ። ለካ መልእክቱ ለብሪያን ዳቦል ነበር። እሱ ነጭ ነው። ቤሊቺክ ይቅርታ ጠየቀ። ፍሎሬስ ቃለ መጠይቁን እየቀፈፈውም ቢሆን ሄዶ አደረገ፤ ሥራው ለዳቦል ሆነ፤ ፍሎሬስም ሊጉን ከሰሰ። ጃያንትስ እስከ መጨረሻው ከልባችን አይተነዋል ብለው ተከራክረዋል። በዚያን ሰዓት ከ32 ቡድኖች ጥቁር ዋና አሰልጣኝ የነበረው የፒትስበርጉ ማይክ ቶምሊን ብቻ ነበር። ሕጉ ከወጣ 19 ዓመት ማለት ነው። ፍሎሬስን ከክሱ በኋላ በረዳትነት የቀጠረውም ያው ቶምሊን ነው።

ታዲያ ሕጉ ከንቱ ነበር? አይደለም። በ2007 ሱፐር ቦውል፣ ማለትም በፉትቦሉ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ የተፋጠጡት ሁለቱም ዋና አሰልጣኞች ጥቁር ነበሩ፤ ቶኒ ደንጂና ሎቪ ስሚዝ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። ቶምሊንን ስቲለርስ ሲቀጥሩት 34 ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ዋንጫውን ወሰደ። በሩ ሲከፈት የሚገባ ሰው አለ። ችግሩ ሕጉ የሚያስከፍተው የቃለ መጠይቁን በር ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ሁለተኛው ቅጥር ነው። ሰው ከተባረረ በኋላ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ኳስ፣ ወደ እንግሊዝ ልምጣ። ፖል ኢንስን ታስታውሳላችሁ። የማንቸስተር ዩናይትድ አማካይ፣ እንግሊዝን በአምበልነት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር። አሰልጣኝነትን የት ጀመረ? ማክልስፊልድ። አራተኛው ሊግ ላይ፣ ያውም ከግርጌ። አተረፋቸው። ቀጥሎ ኤምኬ ዶንስን የዚያው የአራተኛው ሊግ ሻምፒዮን አደረገ። በ2008 ብላክበርን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወሰደው፤ በፕሪሚየር ሊጉ ቡድን የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር እንግሊዛዊ። ስድስት ወር ሳይሞላው በ17 የሊግ ጨዋታ 3 ብቻ አሸንፎ ተባረረ። ውጤቱ መጥፎ ነበር፤ አልከራከርም። በማን ተተካ? በሳም አላርዳይስ። እሱ ራሱ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከኒውካስል የተባረረ ሰው ነው። አላርዳይስ በሕይወቱ 9 የፕሪሚየር ሊግ ክለቦችን አሰልጥኗል። ኢንስ ከዚያች ስድስት ወር በኋላ ፕሪሚየር ሊግን በአሰልጣኝነት አላያትም።

አሥር ዓመት ቆይቶ ሶል ካምቤል መጣ። 73 ጊዜ ለእንግሊዝ የተጫወተ፣ አርሰናል ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ መሀል ተከላካይ የነበረ። የት ጀመረ መሰላችሁ? ማክልስፊልድ! ይኸው አራተኛ ሊግ፣ ይኸው ግርጌ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃተው ክለብ። እሱም አተረፋቸው። ፍራንክ ላምፓርድ ግን በደርቢ ጀምሮ በዓመቱ ቼልሲ ነበር፤ ቼልሲ ሲያባርረው ኤቨርተን፣ ኤቨርተን ሲያባርረው ተመልሶ ቼልሲ በጊዜያዊነት፣ ከዚያ ኮቨንትሪ። ላምፓርድን አልጠላውም። ደጋግሞ ሞክሯል፤ ሲሳሳት ተምሯል። ይህ ዕድል ለካምቤልም ይገባ ነበር ነው የምለው።

እና ዌይን ሩኒ። ያ ልጅ ባይስቅብኝ ኖሮ ላላነሳው እችል ነበር። ሩኒ ደርቢን ይዞ ወረደ፤ በእርግጥ ክለቡ 21 ነጥብ ተቀንሶበት ስለነበር ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ እንዲያውም በደንብ ታግሏል። ከዚያ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የእኛ ሰው በሞላበት ከተማ፣ ዲሲ ዩናይትድን ያዘ፤ ብዙም አልሆነለትም። ከዚያ በለቀቀ በቀናት ውስጥ በርሚንግሃም ሲቲ ቀጠረው። ቡድኑን ስድስተኛ ላይ ተረክቦ ከ15 ጨዋታ በኋላ ሃያኛ ላይ አስረከበ። ወራት ሳይቆይ ፕሊማውዝ ቀጠረው። እዚያም የ2024 የመጨረሻ ቀን ላይ ሲለያዩ ቡድኑ የሊጉ ግርጌ ነበር። አንዱ ሩኒ ለጥቁሮች አንድ ቃለ መጠይቅ በሕግ አስከበረ፤ ሌላው ሩኒ ሕግ ሳያስፈልገው አራት ሥራ አገኘ።

ጥቁሮቹ ሁሉ ሥራ ያጣሉ ማለቴ አይደለም። ዳረን ሙርን ተመልከቱ። ዌስትብሮም በ2019 ሲያባርረው ቡድኑ ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ባለው ሊግ፣ በሻምፒዮንሺፕ፣ አራተኛ ነበር፤ ለማደግ የሚታገል ቡድን። ከዚያ ሥራ አላጣም። ግን ዶንካስተር፣ አንድ ሊግ ወደ ታች፤ ቀጥሎ ሸፊልድ ዌንስዴይ፣ እሱም ወዲያው ከሻምፒዮንሺፕ የወረደ። ዌንስዴይን በ2023 በማጣሪያው ግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ 4 ለ 0 ተሸንፎ፣ በመልሱ ገልብጦ፣ ፍጻሜውንም አሸንፎ አሳደገው። ኳስ ቤት ውስጥ ዛሬም ድረስ የሚወራ ጨዋታ ነው። ከሳምንታት በኋላ ከክለቡ ተለያየ። ክሪስ ሂውተንም ብራይተንን ወደ ፕሪሚየር ሊግ አሳድጎ፣ ሁለት ዓመት አቆይቶ ነው የተሰናበተው።

ቁጥር ለሚወዱ፦ የጥቁር ተጫዋቾች ማኅበር በ2022 ባወጣው ጥናት ከፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች 43 በመቶው ጥቁር ነበሩ። ጫማ የሰቀሉ ተጫዋቾች ከሚይዟቸው የአሰልጣኝነት ኃላፊነቶች 4.4 በመቶ፣ ከክለብ አመራርና ባለቤትነት ደግሞ 1.6 በመቶ ብቻ ነው በጥቁሮች የተያዘው። የእንግሊዝ ፌዴሬሽንም ዝም አላለም፤ በ2020 ጥቅምት ላይ ክለቦች በፈቃዳቸው የሚፈርሙት ደንብ አወጣ። ከአዲስ የአመራር ቅጥር 15 በመቶው፣ ከአዲስ የአሰልጣኝ ቅጥር 25 በመቶው ጥቁር፣ እስያዊ ወይም ቅይጥ ይሁን የሚል። በሁለት ሳምንቱ የፌዴሬሽኑ ሊቀመንበር ግሬግ ክላርክ ፓርላማ ፊት ስለ ጥቁር ተጫዋቾች ሲናገር አፉ አመለጠውና በዚያው ቀን ሥራውን ለቀቀ። የቀጣሪዎቹ አለቃ ይህ ከሆነ ወረቀቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ይህን ሁሉ ስል የራሳችን ቤት ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በ1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ ዋና አሰልጣኛችን ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ነበር፤ በኋላም የአፍሪካን እግር ኳስ ከ1972 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ መርቷል። ይህን እያወቅን፣ ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅቶ፣ ለዓለም ዋንጫም አንድ እርምጃ አድርሶን፣ በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ውድድር፣ በቻን፣ ውጤት ሲጠፋ ተሰናበተ። በምትኩ ፖርቱጋላዊ መጣ። ያኔ ኳስ ቤቱ ምን አለ? "ፈረንጅ ይምጣና እንየው።" ጋሽ ሙሉጌታም ብለዋል፤ ሳስታውሳቸው ሳቁ እንጂ አልካዱም። በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ አምስቱም የአፍሪካ ቡድኖች በአፍሪካውያን አሰልጣኞች ነው የሄዱት፤ ሞሮኮ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች።

ጋሽ ሙሉጌታ በመጨረሻ ያወጡት ካርድ ቤልጂየማዊው ጥቁር አሰልጣኝ ቪንሰንት ኮምፓኒ ነው። "በርንሌይን በ24 ነጥብ አውርዶ ባየርን ሙኒክ ገባ! ይህስ?" እውነት ነው። እዚህ ላይ ለአፍታ ዝም አሰኙኝ። የኮምፓኒ አባት ከኮንጎ የመጣ ስደተኛ፣ በቤልጂየም የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ የሆነ ሰው ነው። ልጁ ወርዶም ትልቅ ቤት ገባ፤ በመጀመሪያ ዓመቱም ቡንደስሊጋውን በላ። እኔ የምፈልገው ይኸው ነው፤ ወድቆ መነሣት የሚፈቀድለት ጥቁር አሰልጣኝ። ግን ባየርን መጀመሪያ ሌሎቹን ጠይቆ፣ እንቢ ተብሎ ነው ወደ እሱ የመጣው፤ ይህንንም አልኳቸው።

አሰልጣኝ ሁሉ አንድ ቀን ይባረራል፤ ኮምፓኒም አይቀርለትም። ጋሽ ሙሉጌታ "በተባረረ በወሩ ሌላ ትልቅ ክለብ ይይዛል" አሉ። እኔ ዓመት ይፈጅበታል አልኩ። ቡና ተወራረድን፤ ያ የሚስቀው ልጅ ምስክር ሆነ። እንደ እኔ ሐሳብ ብሸነፍ ይሻለኛል፤ ቡናውን እከፍላለሁ።