«ሆድሽን ሳቢ» ማለት ካቆምኩ ወዲህ

ሰላም ባለካሜራዎች፣ ደብረ ብርሃን ላይ የጀመርሽው የፖርትሬት (የሰው ፎቶ) ነገር የት ደረሰ ለምትሉኝ እስቲ ትንሽ ልጻፍላችሁ። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ አጭር ይሁን ዘንካታ፣ ጠባሳ ያለበት፣ ለምጽ ያለበት፣ ክራንች የያዘ፣ ማንም መጥቶ ምኑንም ሳይደብቅ አምሮበት ይነሳል፣ በቃ። ሀሳቡን እኔ አልፈጠርኩትም። ኒው ዮርክ ላይ ሰብስታንሺያ ጆንስ የምትባል ፎቶግራፈር እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረችው አዲፖዚቲቪቲ የሚባል የወፍራም ሰዎች ፕሮጀክት አለ፣ ከሷ በፊት ደግሞ ሪክ ጊዶቲ የሚባል የፋሽን ፎቶግራፈር እ.ኤ.አ. በ1998 ፖዚቲቭ ኤክስፖዠር ብሎ አልቢኒዝም (ከልደት የቆዳና የፀጉር ቀለም ማጣት) ያለባቸውን ሰዎች ማንሳት ጀመረ፣ የህክምና መጽሐፍ ላይ ያሉት ፎቶዎች በሽታውን እንጂ ሰውየውን ስለማያሳዩ። የጆንስ ሞዴሎች ብዙዎቹ ራቁታቸውን ናቸው፣ እሱን እዚህ ልሞክር ብል እናቴ ካሜራዬን በማግስቱ ትሸጠዋለች፤ እኛ ጋ ቀሚሱም ጋቢውም በርኖሱም እንደተለበሰ ነው።

ከሁሉ በላይ ስራዬን የቀየረው ግን ሌንስ ምናምን አይደለም፣ አፌ ነው። ፎቶ ቤት ስትሰሩ የምትለምዷት ነገር አለች አይደል፣ ጎንሽን ዙሪ፣ አገጭ ቀና፣ ነጠላውን ወደፊት ሳብ አርጊው፣ ሆድሽን ሳቢ። ሁሉም ደብቂ ነው የሚለው። ሰው ሆዱን ሲስብ እኮ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ አንገቱ ያጥራል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ያ ሁሉ ልፋት ለሁለት ጣት ሆድ! አሁን «እስቲ ተንፍሺ» እላለሁ፣ ትንፋሹ ሲወጣ ትከሻው ይወርዳል፣ እዛች ጋ ነው የካሜራውን ቁልፍ የምነካው።

እሱን ካደረግኩ በኋላ ነው እኚያ ጠላ የሚሸጡት እትዬ የመጡልኝ። መጡ ስል ያው እኔ ነኝ ቤታቸው የሄድኩት፣ «ኧረ ወዲያ ልጄ፣ እኔን ተይኝ፣ ይሄን ገላ ማን ሊያየው» እያሉ ስንት ለመንኳቸው። በመጨረሻ ደንበኛ ሲቆጡ እንደሚቆሙት በራቸው ላይ ወገባቸውን ይዘው ይቁሙልኝ አልኳቸው፣ ክንዳቸው በሩን ግራና ቀኝ ሞላው፣ ከኋላቸው ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ፊታቸው ብቻ ቦግ አለ፣ ከዛ አንዱ ጎረቤት ከውጪ የሆነ ነገር ሲላቸው ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ አነሳኋቸው። ስክሪኑን ባሳያቸው ዝም ብለው አዩትና «በትንሿ ካርድማ አልገባልሽም፣ ትልቅ አርገሽ እጠቢልኝ» አሉኝ። ኤ4 አሳትሜ ወሰድኩላቸው፣ አሁን ከጠላው ጋን በላይ ተሰቅሏል፣ እድምተኛው ሁሉ አስተያየት ሳይሰጥ አይጠጣም።

ርቀት ደግሞ ቁም ነገር ነው። የስልክ ዋናው ካሜራ ሰፊ ሌንስ ስለሆነ ቀርባችሁ ስታነሱ ለካሜራው የቀረበውን ሁሉ ያሳብጠዋል፣ አፍንጫ ከሆነ አፍንጫ፣ ሆድ ከሆነ ሆድ፣ ከዛ ሰውየው ፎቶውን አይቶ በራሱ ገላ ያፍራል፣ ጥፋቱ ግን የርቀት ነው። እኔ 50 ሚሜ ሌንስ ነው ያለኝ፣ የኔ ካኖን ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ስለሚል እንደ 80 ሚሜ አቅርቦ ነው የሚያሳየው፣ ግድ ወደ ኋላ ያስኬደኛል። ስልክ ብቻ ያላችሁ ሁለት ሜትር ምናምን ራቁና ዙሙን 2 ኤክስ አርጉት። ከፍታውም እንደዛው ነው። ዊልቸር ላይ ያለ ተማሪ ሳነሳ በርጩማ አምጥቼ እኩል ቁጭ አልኩ፣ ቆሜ ወደ ታች ባነሳው ልጁን አሳንሼው ነበር የምመለሰው። ልጁ ደግሞ የጎማውን ሪም በጨርቅ ወልውሎ ነው የመጣው፣ ስለዚ ፍሬሙን ሰፋ አርጌ ጎማውን ሙሉ አስገባሁለት።

ብርሃን ላይ ብዙ አልልም፣ እዚህ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ የቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ነው የምትሞላው፣ ለሚወዳት ሰው እንኳን አትራራም። ወይ በጠዋት፣ ወይ በር ስር፣ ከታች ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልስ ነጭ ፎም። ክረምት ላይ ጣርማ በር ጉም ውስጥ ያነሳ ሰው ካለ ደግሞ ሶፍትቦክስ (መብራት የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) አያስፈልገውም ብዬ ነግሬያችኋለሁ።

ኤክስፖዠር፣ ማለት የፎቶው የብርሃን መጠን፣ ግን እዚህ አገር ልብሱ ነው የሚያሳብዳችሁ። ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ስታነሱ በጣም በራ ብሎ ያጨልመዋል፣ ጠይሙ ሰውዬ ከሰል ሆኖ ይወጣል። ጥቁር የመንዝ በርኖስ የለበሰውን ደግሞ ገልብጦ ያነጣዋል፣ ግንባሩ ይነድዳል። ስለዚ የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ ጋቢ ላይ ፕላስ አንድ አካባቢ፣ በርኖስ ላይ ማይነስ፣ ወይ ደግሞ ስፖት ሜተር (አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ብርሃን የሚለካውን) ፊቱ ላይ አርጋችሁ ልብሱን እርሱት። ሰው «ፊቴን ቀላ አርጊው» የሚለን ግማሹ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፣ ፊቱ በትክክል የወጣለት ሰው እኔን ቀላ አርጊኝ ብሎኝ አያውቅም። ነገሩ የቆየ ነው ደግሞ፣ ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማስተካከያ፣ ሸርሊ ካርድ የሚሉት፣ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፣ በሷ ቆዳ ተስተካክሎ የሚታጠብ ፊልም ጥቁር ፊት ላይ ዝርዝሩን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኮዳክን የነቀነቁት ደግሞ ቸኮሌት አምራቾችና የእንጨት ፈርኒቸር ሻጮች ናቸው ይባላል፣ ቡናማው ከቡናማው አልለይ አለን ብለው። የሰው ፊት ሲጠፋ ዝም ተብሎ ለቸኮሌት! ይገርማል።

ለምጽ ያለባትን ልጅ ሳነሳ የተማርኩትን ደግሞ ያዙልኝ። ጠንካራ ብርሃን ላይ ነጩ ቦታ ወዲያው ይቃጠላል፣ ስለዚ ለነጩ ነው ኤክስፖዝ የማደርገው፣ ጥቁሩን በኋላ ከሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳይነካካ ካስቀመጠው ጥሬ ምስል) አፈካዋለሁ። ኮምፒውተር ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይሩት የቀይና የብርቱካናማውን ስላይደር ወደ ታች ካወረዳችሁት ለምጹ ጎልቶ ይወጣል፣ ከፍ ካደረጋችሁት እየጠፋ ይሄዳል፣ ማለት አንዱ ስላይደር ብቻውን ይደብቃል ወይም ያሳያል። ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ ራሷ እንድትጎትተው ሰጠኋት፣ እስከ መጨረሻው አጎላችው። ስልክ ላይ ደግሞ ቢውቲ ሞድ መጥፋቱን ሳታዩ እንዳታነሱ፣ ጠባሳም ማድያትም አንገት ላይ ያለ ንቅሳትም ሳይጠይቃችሁ ያለሰልሰዋል፣ የእማማን ንቅሳት ከነልጅነታቸው ነው የሚያጠፋው።

አሁን እኔንና አብራኝ የምትሰራውን ጓደኛዬን ያጣላን ጉዳይ ሪተች፣ ማለት ፎቶውን በኋላ ማሳመር፣ ነው። የኔ ህግ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚጠፋ ነገር፣ ብጉር ምናምን፣ ይጠፋል፣ አብሮት የሚኖረው ይቆያል። ታዲያ አንዱ ልጅ አንገቱ ላይ የእሳት ጠባሳ አለው፣ ተነሳ፣ አማረበት፣ ከዛ «እህቴ በሞቴ ጠባሳዋን አጥፊልኝ» አለ። ጓደኛዬ በፍጹም አታጥፊ፣ ካጠፋሽማ ፕሮጀክቱ ምኑ ላይ ነው አለችኝ። እኔ አጠፋሁለት። አንገቱ የሱ ነው፣ የኔ ፕሮጀክት ማስታወቂያ አይደለም። ያልተነካውንም ሰጠሁት፣ እሱ በፈለገ ጊዜ ፈልጌዋለሁ ይበለኝ፣ እስከዛ ግን ሁለቱም ከሌሎቹ ጋር አይወጡም። ለመነሳት እሺ ማለትና ለመለጠፍ እሺ ማለትን ሁለት ቦታ መጠየቅ የጀመርኩትም ለዚህ ነው፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ፎቶውን ካዩ በኋላ። ጓደኛዬ እስካሁን አልተዋጠላትም፣ በሷ ቤት እኔ ፈሪ ነኝ።

ቀጥሎ ሸዋሮቢት ልወርድ ነው። እዛ ሙቀት ስለሆነ ላብ ቆዳ ላይ ያብለጨልጫል፣ በፓውደር ላድርቀው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው፣ እኔ መተው ነው የሚታየኝ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ ብልጭታው ራሱ ቅርጽ ይሰራል። ፖላራይዘር (ብልጭታ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ለቆዳ የሞከራችሁ ካላችሁ ስንት ስቶፕ ብርሃን እንደበላባችሁ ንገሩኝ።