የወጣቷን ሚና በ45 ዓመት

አንጋፋ ተዋናይ ወደ ወጣትነቱ የሙዚቃ ቴአትር ሚና ይመለስ ወይ? ዛሬ ስንከራከርበት ዋልን። እኔ ይመለስ ባይ ነኝ! አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሜሪ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ ‹ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ› በተባለው የሙዚቃ ቴአትር ላይ ወጣቷን ማሪያን ስትጫወት 45 ዓመቷ ነበር። መድረክ እንደ ካሜራ አይደለም፤ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ ተመልካች ዕድሜን የሚለየው ከፊት መጨማደድ ይልቅ በአረማመድ ነው።

ፈተናው ድምፅ ላይ ነው። በሳምንት 8 ትርኢት ለወጣትም ይከብዳል። የድምፅ አውታሮች ከዕድሜ ጋር የመለጠጥ አቅማቸው ስለሚቀንስ ረጅሙ ከፍተኛ ኖታ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የዘፈኑን ቅጥነት (ቶን) በግማሽ ወይም በአንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ግን ልምምድ ሳይጀመር። በመጨረሻው ሳምንት ከታሰበ የእያንዳንዱ መሣሪያ ኖታ እንደገና መጻፍ ስላለበት አይደርስም። ከባድ ዳንስ ደግሞ ከረጅም ዜማ በፊት አታስገቡ፤ ትንፋሽ የሚመለስበት የንግግር ትዕይንት መሃል ላይ ይግባ።