ቲማቲሜን ማን በላብኝ?

በረንዳዬ ላይ በአሮጌ የቀለም ባልዲ አምስት ቲማቲም ተክዬ ነበር። አበባ ሲያወጡ ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንድ ቀን ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስወጣ ቅጠሉ ላይ ነጣ ነጣ ያለ፣ የተቃጠለ ወረቀት የሚመስል ነገር አየሁ።

መጀመሪያ ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ መሰለኝ። እሱን አውቀዋለሁ፤ አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሬ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ስረጨው ይቀንስልኛል። ይሄኛው ግን ወይ ፍንክች! አንዷን ቅጠል ቀጥፌ ወደ ብርሃን ሳነሳት ጉዱ ታየኝ። በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መሃል አረንጓዴ ትል ተኝታ ትግጣለች፣ ከኋላዋ ጥቁር ኩሷን እያዝረከረከች። ሳሙናው እንዴት ብሎ ይድረስባት?

ቱታ አብሶሉታ ትባላለች። ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ናት፣ እኛ አገር የታየችው በፈረንጆቹ 2012 ነው። ትሏ ቅጠል ብቻ አይበቃትም፣ ፍሬውንም ትበሳለች።

ነገ የምበላው ነገር ላይ መድኃኒት መርጨት አልወድም። የተበላውን ቅጠል ሁሉ ለቅሜ ፌስታል ውስጥ ቋጠርኩና ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት፤ እዛው ባልዲው ስር ከጣላችሁት ትሏ አፈር ውስጥ ገብታ የእሳት እራት ሆና ትመለሳለች። ከዛ በየሁለት ቀኑ ቅጠል እያገላበጡ በጣት መጭመቅ ነው። ያስጠላል፣ አልዋሽም። ጎረቤቴ «ከቅጠል ጋር ታወራለህ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች።

አንዱን ነቅዬ ጣልኩት፣ አራቱ ተርፈዋል። ትናንት የመጀመሪያዋን ፍሬ ለቀምኩ። ጎኗ ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ እሷን ቆርጬ ጥዬ ቀሪውን በቃሪያ በላሁት።