ስድስት ስልክ በአንድ ሆትስፖት

ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ድሬዳዋ ላይ ቤት ውስጥ ማምሸት ከባድ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት መልሶ ስለሚተፋ፣ እኛ የሳቢያን ሰፈር ጎረቤታሞች ምንጣፋችንን ይዘን ወደ ግቢ እንወጣለን፤ ትልልቆቹ በአንድ በኩል ሻይ እየጠጡ ሲጨዋወቱ እኛ ከግንቡ ሥር ስልኮቻችንን ይዘን እንሰበሰባለን። አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌሎቻችን እንገናኛለን፣ ሚኒ ሚሊሻ የተባለው የተኩስ ጌምም ይጀመራል። በሥዕል ጥራት እጅግ የሚበልጡት ብዙ ጌሞች ስልኬ ላይ ተጭነው ጠፍተዋል፤ እርሱ ግን እስካሁን አለ። ብዙ ሰው «የልጆች ትርምስ» ብሎ ስለሚያልፈው፣ ለምን እንደምወደው በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንሁ። ትርምስ መሆኑ እውነት ነው፤ እኔም የምወደው ትርምሱን ነው።

ሙሉ ስሙ ዱድል አርሚ 2፡ ሚኒ ሚሊሻ የሆነው ይህ ጌም ዓለሙ ጠፍጣፋ ነው። ቀኝና ግራ፣ ላይና ታች አለ እንጂ ወደ ውስጥ የሚባል አቅጣጫ የለም። ተጫዋቹ በግራ አውራ ጣቱ ይሄዳል፣ ይበርራል፤ በቀኙ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል። ጥልቀት ባላቸው የተኩስ ጌሞች ውስጥ የሚሞት ሰው ብዙ ጊዜ ገዳዩን ሳያይ ነው የሚሞተው፤ ጥይቱ ከጀርባ ይመጣል፣ ጀርባም ከስክሪኑ ውጭ ነው። ጠፍጣፋ ዓለም ግን ጀርባ የለውም። በስናይፐር ከሩቅ የሚተኩሰውን ካልቆጠርን በቀር፣ ሮኬቱ ሲመጣ፣ የእጅ ቦምቡ ሲንከባለል፣ ከመጋዝ መሣሪያው የተተኮሰው ምላጭ ሲወረወር ሁሉም ዓይን ፊት ነው። የሚጠፋው ነገር መረጃ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ሁሉን እያዩ ለሁሉም መድረስ አለመቻል ነው ትርምሱን የሚፈጥረው። በዚህ ምክንያት የሞተ ሰው አይበሳጭም፤ ምን እንደገደለው፣ የትኛውን ቢያስቀድም ኖሮ ሊተርፍ ይችል እንደነበር በሚገባ ያውቃል።

መብረሩ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የጌሙ ልብ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁና። ወታደሩን ወደ ላይ የሚያነሣው ጫማው ላይ ያለው ሮኬት ነው፤ ነዳጁ ግን ውስን ነው፣ ሲያልቅ ሰውዬው ይወድቃል፣ መሬት ላይ ሲያርፍም ቀስ በቀስ ይሞላል። አየር ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ እንግዲህ የሚሟገቱት በጥይት ብቻ አይደለም፤ የማን ነዳጅ ቀድሞ ያልቃል የሚለውም ከጥይቱ እኩል ይወስናል። ልምድ ያለው ተጫዋች ነዳጁን እየቆጠበ፣ ጣቱን እያነሣና እየመለሰ፣ ባላጋራው ወርዶ መሬት እስኪነካ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም የሚወድቅ ሰው መንገዱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሦስተኛ ሰው ከሥር ቦምብ ጥሎ ሲያልፍ ደግሞ ይህ ሁሉ ስሌት በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። አንድ ምሽት አራታችን ጠባብ ዋሻ ውስጥ ተፋጠን ሳለ፣ የአክስቴ ልጅ የወረወረው ቦምብ ግድግዳ መትቶ ወደ እርሱ ተመለሰና አምስታችንንም ሳይለይ ወሰደን። ያንን ምሽት እስከ ዛሬ እናነሣዋለን።

ሌላው ጉዳይ ከስክሪኑ ውጭ ያለው ነው። ባላጋራዬ አጠገቤ፣ ትከሻው ትከሻዬን እየነካ ተቀምጧል። ጥይት ሲያልቅበት ትንፋሹን እሰማለሁ፤ መሣሪያውን ሲያጎርስ ድምፁ ከስልኩ ይወጣል፤ ሮኬት ያገኘ ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም። በመሆኑም በዓይናችን ብቻ ሳይሆን በጆሯችንም እንጫወታለን፤ የአክስቴ ልጅ ይህን ካወቀ ወዲህ ባዶ እጁን ሆኖም እየሣቀ ያሸብረን ጀመር። ሰው ሲሞት ደግሞ በአፉ የሚመጣው የእናቱ ቋንቋ ነው፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማልኛ ይጮኻል፣ «አቦ!» የምትለው ግን የሁላችንም ናት። ጩኸቱ ሲበረታ እናቴ ጠብ የተነሣ መስሏት «ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» እያለች ብቅ ትላለች።

የዚህ ዓይነቱ ጌም የዘር ሐረግ ቢመረመር ጅማሬውም እንዲሁ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ዮሳ ሪኪነን የተባለ ፊንላንዳዊ ሊየሮ የሚባል ጌም ሠራ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ኪቦርድ ተካፍለው፣ አፈር እየቆፈሩ የሚታኮሱ ሁለት ትሎችን ያንቀሳቅሱበታል። ፖላንዳዊው ሚሃው ማርቺንኮቭስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሶልዳትን አወጣ፤ ከሊየሮ ጭምር መነሻ የወሰደው ይህ ጌም በጫማ ሮኬት የሚበርሩ ወታደሮችን ይዞ ትርምሱን ወደ ኢንተርኔት አሻገረው። የሚኒ ሚሊሻ አዘጋጆችም ጌማቸው በሶልዳትና ሄሎ (Halo) በተባለው ሌላ የተኩስ ጌም መካከል ያለ መሆኑን በራሳቸው መግለጫ ይናገራሉ። ሆትስፖቱ እንግዲህ ኢንተርኔት ላይ የተበተነውን ጨዋታ መልሶ አንድ ምንጣፍ ላይ ሰበሰበው ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ስልኮቻችን ላይ ከነበሩት ነገሮች ብዙዎቹ ዝም አሉ፤ ሆትስፖቱ ብቻ የሚበቃው ይህ ጌም ግን ምንም አልጎደለበትም።

ትርምሱ ከምን እንደተሠራ በደንብ የገባኝ ሲበላሽ ነው። አንድ ሰሞን የተነካካ ቅጂ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ሰፈራችን ደረሰ፤ ነዳጁም ጥይቱም አያልቅበትም፣ ተጫዋቹም አይሞትም። የጫኑት ልጆች ሁለት ቀን ተደሰቱ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም አየር ላይ ተንሳፍፎ፣ ማንም ሳይወድቅ፣ ማንም ሳይጮኽ፣ ጥይት እንደ ዝናብ ብቻ ይወርድ ነበር፤ ስክሪኑ ከወትሮው የበለጠ ቢጨናነቅም የሚያስጨንቅ ነገር ግን አልነበረበትም። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ የሆነው የጎረቤታችን ልጅ ስልኩን አስቀምጦ «ይሄ እኮ ጨዋታ አይደለም» አለ። ያን ምሽት ሁላችንም አጠፋነውና ያልተነካካውን ቅጂ ከእርሱ ስልክ ወሰድን።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። በኢንተርኔት ለመጫወት ሞከርን፤ ማፑ ያው፣ መሣሪያው ያው፣ ስሙም ከወታደሩ በላይ ተጽፎ ይታያል፤ ነገር ግን ገደልሁት፣ ገደለኝ፣ ድምፅ የለም። ሦስት ዙር ከተጫወትን በኋላ የእናቴን ስልክ ተውሼ ደወልሁለትና ድምፁን ከፍ አድርጌ ምንጣፉ ላይ፣ እርሱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀመጥሁት። በአራተኛው ዙር ከዋሻው አፍ ላይ ሮኬት ተኮስሁበት። ወታደሩ መጀመሪያ ወደቀ፤ «አቦ!» የሚለው ጩኸት ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ከምንጣፉ ላይ መጣ፣ ሁላችንም ወደ ስልኩ ዞርን።