ርኅራኄ በስፓኒሽ

ጎንደር ላይ አስጎብኚ ከሆናችሁ እንግሊዝኛ ብቻ አያዘልቅም። ስፓኒሽ የጀመርኩት ለእንጀራዬ ነበር፤ አሁን ሱስ ሆኖብኛል።

ሰሞኑን የያዝኩት ቃል «ኮምፓስዮን» ነው። ርኅራኄ ማለት ነው። ስትጠሩት «ዮን» ላይ ጠበቅ አድርጉት። በስፓኒሽ የሴት ጾታ ስላለው «ላ ኮምፓስዮን» ይባላል። ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ አብሮ መታመም ነው።

የፈለግኩት ለበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ያ ሁሉ ሰው የበላ ሰውዬ፣ ውኃ የጠማው ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። እዚህ ስደርስ «ቱቦ ኮምፓስዮን ዴል ሌፕሮሶ» እላለሁ፤ ለለምጻሙ ራራለት። (አዎ፣ «ቱቦ» ነው የሚባለው፤ ከውኃ ቱቦ ጋር ግን አይገናኝም። «ቴኔር» የሚለው ግስ ያለፈ ጊዜ ነው።) ከ«ቴኔር» ጋር ስትጠቀሙት «ዴ» ይከተላል። «ሴንቲር»፣ ማለትም መሰማት፣ ካላችሁ ግን «ፖር» ይሻላል፤ «ሲየንቶ ኮምፓስዮን ፖር ኤል»፣ አዘንኩለት። ሩኅሩኅ ወንድ «ኮምፓሲቦ»፣ ሴት «ኮምፓሲባ» ትባላለች።

ለታሪክና ለጸሎት ይሄ ይበቃል። ለተራ ወሬ ግን ትንሽ ይከብዳል። ሰዎቹ እርስ በርስ ሲያወሩ «ሜ ዳ ፔና» ይላሉ። እሱን ወዲያው ለመድኩት፤ እንደኛ «አሳዘነኝ»፣ «አንጀቴን በላው» ነዋ። አድራጊው የሚታዘንለት ሰው ነው፤ እኔ ተቀባይ ነኝ። እንግዳችሁ ከሜክሲኮ ወይም ከኮሎምቢያ ከሆነ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ እዚያ «ሜ ዳ ፔና» አፈርኩ ማለት ሊሆን ይችላል። ጥምቀት ባለፈ ማግስት ለሚደርስ ቱሪስት ደግሞ «ኬ ላስቲማ!» በሉት፤ ምን ያደርጋል፣ አመለጠህ።

ባለፈው ፋሲል ግንብ ደረጃው ላይ አንዲት ስፔናዊት እንግዳዬ ተደናቀፈች። ከገጠር ለጉብኝት የመጡ አንዲት እናት «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብለው ደገፏት። ምን አሉኝ ስትል፣ ባንቺ ፈንታ እኔ ልውደቅ እያሉሽ ነው አልኳት። እኛ ጋ «ፖብሬሲታ» ነው የምንለው፣ ምስኪን እንደማለት፤ ልውደቅልሽ የሚል ግን የለም ብላ ሳቀች። አስጠናኝ አለች፤ አስጠናኋት።

ፒያሳ እስክንደርስ ጭነት የበዛበት አህያ ባየች ቁጥር «እኔን!» ትላለች። ባለአህያው እኔን እኔን ያየኛል።