ከ9.8 ወደ 9.78

ነሐሴ እየተገባደደ ነው። መስከረም ላይ 11ኛ ክፍል እገባለሁ። ናቹራል። ቤት ውስጥ ብዙ ክርክር አልነበረም፤ እናቴ በሐሳቧ ነጭ ጋዋን ካለበሰችኝ ቆይታለች። እኔ ግን የመረጥኩት ለፊዚክስ ብዬ ነው። ይህን ለሰው ስናገር "ጤነኛ ነሽ?" ዓይነት ፊት ስለሚገጥመኝ አሁን አሁን ዝም እላለሁ።

የሚያገኘኝ ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል። "በአስረኛ ውጤትሽ አትመኪ፤ አስራ አንደኛ ሌላ ዓለም ነው።" የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ሁሉም ዓይን 12ኛ ላይ ነው። የ2014ቱ ውጤት እስካሁን ሰፈር ውስጥ እንደ ማስፈራሪያ ይነሳል። ያኔ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቅርብ ዓመታት ቁጥሩ ቢሻሻልም ፍርሃቱ አልለቀቀንም።

ፍርሃት ደግሞ ገበያ ነው። ክረምቱ ሲገባ "የ11ኛን ፊዚክስ ቀድመን እናስጨርሳለን" የሚል ቱቶሪያል ተመዝግቤ ነበር። መምህሩ ፈጣን ነው። ቦርዱን በፎርሙላ ይሞላል፣ ሾርትከት ያሳያል፣ ከዚያ ወደ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። "ይሄ ቃል ጥያቄው ውስጥ ካለ ይሄንን ምረጡ።" ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጊዜ የለማ! ተውኩት። እናቴ ስለ ብሩ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሆነ ውሎዬ። አራት ኪሎ መኖር ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ዣንጥላ ይዞ በእግር መድረስ። ሐምሌን በሙሉ ፊዚክስ አልነካሁም ማለት ይቻላል። ሒሳብ ነው የሠራሁት። የ11ኛው መጽሐፍ ገና ከመጀመሪያው አካባቢ ቬክተር ያመጣል፣ ቀጥሎ በአንድና በሁለት አቅጣጫ የሚደረግ እንቅስቃሴ። ሳይንና ኮሳይን ያልለመደ ሰው እዚያው ይቀራል። ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ቁልቁል በሚወርደው ቸርችል ጎዳና ላይ የቆመ መኪና አስቡ። ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፤ ግን አስፋልቱን የሚጫነው አንዱ ክፍል ነው፣ ቁልቁል ሊያንሸራትተው የሚሞክረው ሌላው። ያንን ለሁለት መክፈል ትሪጎኖሜትሪ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከዚያ የፊደል ጉዳይ አለ። አስረኛ ክፍል እያለን ቁጥሮቹን ወዲያው ነበር የምንከተው። አሁን ቁጥር ሳይገባ ፊደሎቹን ብቻ እያገላበጥኩ የምፈልገውን ለብቻው ማውጣት እለማመዳለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን እጅ ይፈታል።

ዋናው ነገር የመጣው ግን ከጎረቤታችን ነው። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ደብተሬን አገላብጠው አዩና "ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን አንድም ነገር አልለካሽም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አስር ዓመት ተምሬ በእጄ የለካሁት የፊዚክስ ነገር የለም። የመሬት ስበት 9.8 (ሜትር በሰከንድ ስኩዌር) ነው ስለተባለ 9.8 ነው።

"በይ ለኪው" አሉኝ። ክር ላይ የተንጠለጠለ ነገር አንድ ምልልስ (ሄዶ መመለስ) የሚፈጅበት ጊዜ በክሩ ርዝመትና በስበቱ ይወሰናል፤ ጊዜውንና ርዝመቱን ከለካሁ ስበቱን ፎርሙላው ያወጣልኛል። ክር፣ ከባድ ዳዶ፣ የእናቴ የስፌት ሜትር፣ ስልኬ። ክሩን ከበሩ መቃን ላይ አሰርኩት። ርዝመቱ 1 ሜትር። ትንሽ ብቻ ገፋ አድርጌ ለቀቅኩት፤ አንግሉ 30 ዲግሪ ከደረሰ አንዱ ምልልስ በ1.7 በመቶ ገደማ ስለሚረዝም ፎርሙላው መዋሸት ይጀምራል። ዳዶውን በጓጉንቸር ቀይሬ፣ ርዝመቱን አስተካክዬም ሞከርኩት። ጊዜው ያው ነው። ክብደት ፎርሙላው ውስጥ እንደሌለ አውቅ ነበር፤ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው።

20 ምልልስ 40.1 ሰከንድ ፈጀ። አራት ጊዜ ፓይ ስኩዌር ጊዜ ርዝመት፣ ሲካፈል ለአንዱ ምልልስ ጊዜ ስኩዌር። 9.82 መጣ። እየሮጥኩ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

አልተደነቁም። "ስልኩን ስትጫኚ ጣትሽ ምን ያህል ይዘገያል?" አሉኝ። ገመትኩ፣ 0.2 ሰከንድ። "እንግዲህ 40.1 ሳይሆን 39.9 ወይም 40.3 ቢሆንስ?" ቁጭ ብዬ ሠራሁት። በአንዱ 9.92 ይሆናል፣ በሌላው 9.72። ስለዚህ የእኔ መልስ 9.82 ብቻ አይደለም፤ 9.82 ፕላስ ማይነስ 0.1 ነው።

ቀጥለው ነገሩን አመጡት። አዲስ አበባ ላይ ትክክለኛው ቁጥር 9.78 ገደማ ነው። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምንርቀው። እዚያ አካባቢ መሬት ወደ ውጪ ስለምትወጣጠር ከመሃሏ እንርቃለን፤ መሽከርከሯም ትንሽ ይቀንስልናል። ሁለተኛ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። ለንደን ቢሆን 9.81 ነው። (በዚሁ ከፍታ የተነሳ ውሃም እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ መጽሐፉ 100 ቢልም። ሽሮው ለምን እንደሚዘገይ ለእናቴ ነገርኳት። አልገረማትም።)

"በአንቺ ክርና ዳዶ 9.8ን ከ9.78 መለየት ይቻላል?" አሉኝ ጋሼ። አይቻልም። የእኔ ፕላስ ማይነስ ሁለቱንም ይውጣቸዋል። ይህን ያወቅኩበት ቀን ከክረምቱ ሁሉ በልጦብኛል። እስከዛሬ መልስ ማለት ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው ጋር የሚገጥም ቁጥር ነበር። አሁን ግን መልሴን ምን ያህል ማመን እንደምችል ራሴ ማስላት እችላለሁ። ያ ቱቶሪያል ዓመት ሙሉ ብቀመጥበትም ይህን አያስተምረኝም ነበር፤ ምክንያቱም ፕላስ ማይነስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ውስጥ የለም። ፈተናው እንደማይጠይቀኝም አውቃለሁ። ይሁን።

አሁን የያዘኝ፣ ወደ መለየት የምጠጋበት መንገድ ነው። በ20 ፈንታ 100 ምልልስ ብቆጥር የጣቴ መዘግየት በ200 ሰከንድ ውስጥ ይበተናል፤ ፕላስ ማይነሱ ወደ 0.02 ይወርዳል። ያን ጊዜ ደግሞ ችግሩ ወደ ርዝመቱ ይዞራል። 2 ሚሊሜትር ብስት እሷ ብቻዋን ሌላ 0.02 ታመጣለች። የስፌት ሜትር ደግሞ ይለጠጣል። የብረት ሜትር ከጋሼ ተውሻለሁ። እስከ ዳዶው መሃል ነው የሚለካው፣ እስከ ጫፉ አይደለም።

የቀረው ቆጣሪ ነው። እኔ ስልኩን ስይዝ 100 ሳይዘል የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ታናሽ ወንድሜ በ50 ብር ካርድ ተስማምቷል፤ ግማሹን ቀድመሽ ካልሞላሽልኝ ብሎ ግን እስካሁን አልጀመርንም። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ጽዳት ስትነሳ ክሩን ከበሩ ላይ ታነሳዋለች፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት መጨረስ አለበት።